የባሌ ደጋ ማዕድና የእጅ ልክ

ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ሮቤና ከእርሷ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ከሳነቴ አምባ ግርጌ የምትገኘው ጎባ፣ ከሲናና፣ ከአጋርፋና ከጋሰራ ማሳዎች ጋር ተደምረው በኢትዮጵያ ስማቸው ከሚጠራ የስንዴና የገብስ አገሮች ተርታ ይመደባሉ። ገበሬው «ገና» በሚለው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ባለው ወቅትና «ቦና» በሚለው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እህል የሚያመርትበት ይህ ደጋ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመንም አይጎድለውም። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ስለ ጤናማና ቀለል ያለ አመጋገብ ሲነሣ ነገሩን ከሩቅ በሚመጣ ውድ ምግብ መጀመር መንገድ መሳት ነው፤ መሠረቱ በየጓዳው አለና። መለወጥ የሚገባው እጅ ወደ ድስቱ የሚጨምረው የቅቤ፣ የዘይት፣ የጨውና የስኳር ልክ፣ እንዲሁም ወንፊቱ ከዱቄቱ ለይቶ የሚያስቀረው ነገር ነው።

የአካባቢው ነባር ምግቦች በቅቤ የሚታወቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚዘጋጀው ጭኮ፣ መሀሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤ የሚፈስበት ገንፎ፣ ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ የሚለወሰው ጨጨብሳ፣ ፍሬው ከነገለፈቱ በቅቤ የሚጠበስበት «ቡና ቀላ» ሁሉም ከብት በሚበዛበት፣ ሌሊቱ በሚበርድበትና ሰው ከንጋት እስከ ማታ በእግሩ በሚውልበት አገር የተወለዱ ናቸው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም የእህል ስታርች የሚሰጠው 4 ካሎሪ ብቻ በመሆኑ፣ ካሎሪ ማለትም ምግብ ለሰውነት የሚያቀብለው የኃይል መለኪያ ነውና፣ በአነስተኛ ዕቃ ተይዞ ለረጅም መንገድ የሚበቃ ስንቅ ለሚፈልግ እረኛና ነጋዴ ጭኮ እጅግ ብልህ የሆነ ፈጠራ ነበር። ዛሬ ግን ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ፣ ከቤት ገበያ በባጃጅ የሚመላለሰው፣ ቀኑንም ከጠረጴዛ ወይም ከሱቅ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጦ የሚያሳልፈው የከተማ ነዋሪ ያንኑ ጭኮ በያኔው የቅቤ ልክ ይበላል። ኑሮው ተለውጦ ልኩ ባለበት ቀርቷል፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም በዚሁ ክፍተት ላይ ያርፋል።

ከእህሎቹ ሁሉ አስቀድሞ ሊከበር የሚገባው ገብስ ነው። በገብስ ፍሬ ውስጥ ቤታ ግሉካን የተባለ፣ በውኃ ሲርስ የሚያጣብቅና የሚወፍር አሰር ይገኛል፤ አሰር ወይም ፋይበር የሚባለው የሰው አንጀት ሊፈጨው የማይችለው የእህልና የአትክልት ክፍል ነው። ገንፎን የሚያወፍረው ይኸው ቤታ ግሉካን በአንጀት ውስጥም ያንኑ ጠባዩን ይዞ ስለሚቀጥል፣ የምግቡ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ጥጋብን ያቆያል፣ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል የተባለ የቅባት ዓይነትም ለመቀነስ ያግዛል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 የገብስ ምርቶች የልብ ሕመምን ሥጋት በመቀነስ ረገድ ያላቸውን ጥቅም በማሸጊያቸው ላይ እንዲገልጹ ሲፈቅድ፣ መሠረቱ በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ማግኘት ነበር። እንደ ገብሱ ዝርያ ቢለያይም አንድ ሰው የሚጠግብበት የቅንጬ ወይም የገንፎ ሳህን ወደዚህ መጠን ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን ፈቃዱ አብሮት የሚሄድ ሁኔታ አለው፤ ገብሱ ይጠቅማል የተባለው በክፍል ሙቀት የሚረጋ ቅባት ባነሰበት አመጋገብ ውስጥ ሲበላ ነው። ቅቤ ደግሞ ዋነኛው የሚረጋ ቅባት ነው። ስለሆነም የገንፎውን ጉድጓድ በቅቤ የሚሞላ ሰው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይነሣል፤ ጉድጓዱን አጥብቦ ከቅቤው ማንኪያ አብዛኛውን በእርጎ ወይም በአይብ መተካት ግን ገንፎውን ገንፎነቱን ሳያሳጣ ጥቅሙን ያተርፋል። ቅንጬም ቢሆን በወተትና በውኃ በስሎ፣ መዓዛው እንዲመጣ ያህል በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ቢጨመርበት ጣዕሙ አይጎድልም፤ የንጥር ቅቤ ሽታ ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱና ከአብሹ የተቀዳ በመሆኑ ጥቂቱ ብዙ ይሠራል።

የስንዴው ነገር የበለጠ ያሳስባል። የስንዴ አገር የሆነው ባሌ የከተማውን ዳቦ የሚጋግረው በአብዛኛው ከነጭ የፉርኖ ዱቄት ነው፤ ይህም ማለት የፍሬው ሽፋንና ፅንስ ፉርሽካ ተብለው ተለይተው ለከብት መኖ ይሄዳሉ፣ ለሰው የሚቀረው ስታርቹና የተወሰነ ፕሮቲን ይሆናል። በ100 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ከ10 ግራም በላይ አሰር ሲኖር በነጩ ዱቄት ውስጥ የሚገኘው 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ብረትና ዚንክ የተባሉት ማዕድናትና የቢ ቫይታሚኖችም የሚበዙት በተጣለው ክፍል ውስጥ ነው። በደጃፉ ስንዴ ለሚሸመትለት ቤተሰብ መፍትሔው ቅርብ ነው፤ እህሉን አበጥሮና ለቅሞ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት፣ ዱቄቱንም በወንፊት ሳይነፉ ወይም በሰፊ ዓይን ወንፊት ብቻ ነፍቶ ለድፎና ለቂጣ ማዋል ይበቃል። ነጭ ዳቦ የለመደ ቤት በአንድ ጊዜ ባይሸጋገር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ ቢጀምር ይሻላል፤ ፉርሽካው ውኃ ስለሚጠጣ ሊጡ ከተለመደው ትንሽ ቀጠን ማለትና ረዘም ላለ ጊዜ ማረፍ አለበት፣ አለበለዚያ ዳቦው ይደርቅና ጥፋቱ በዱቄቱ ላይ ይለጠፋል። ገለባው ከፍሬው በቀላሉ የማይለይ ጥንታዊ የስንዴ ዘር የሆነውና በባሌ እስከ ዛሬ የሚዘራው አጃም ለቅንጬና ለገንፎ የሚሆን የማይናቅ ሀብት ነው።

ስለ ዘይት ሲታሰብ የአገሩ የወጥ አሠራር ራሱ ትምህርት አለው። የደረቀ ቁሌት፣ ማለትም ሽንኩርቱን ያለ ቅባት በራሱ ውኃ እያማሰሉ ማብሰል፣ ብዙ ባለሙያ እናቶች የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ሽንኩርቱ ሲይዝ ጥቂት ጥቂት ውኃ እየተረጨበት ከለሰለሰ በኋላ በርበሬው ገብቶ ይቁላላል፣ ቅባቱ የሚከተለው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ወጥ ውፍረቱን የሚያገኘው ከሽንኩርቱ ስለሆነ ግማሹ ዘይት ይበቃዋል። በተቃራኒው በጥድፊያ የሚሠራ ወጥ ዘይቱ አስቀድሞ ይንቆረቆርበታል፤ ከጀሪካን በቀጥታ ሲፈስም ማንም ልኩን አያውቅም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ይይዛል፤ ዘይትን በማንኪያ ለክቶ መጨመር፣ ለአንድ ወር የተገዛው ለስንት ቀን እንደበቃም መከታተል ከሁሉም ልማድ ቀላሉና አትራፊው ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ ከቅቤው ጋር የሚመደብ የቅባት ዓይነት ነው፤ የኑግ ዘይት ግን በአመዛኙ በማይረጋ ቅባት የተሠራ በመሆኑ፣ አቅም በፈቀደ ጊዜ ቢመረጥ ይሻላል።

የባሌን ድስት ከሌላው የሚለየው አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ውኃ በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በሮቤና በጎባ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እሳቱ ቢጨመር እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አያድግም፤ ስለዚህ ባቄላና አተር በቆላ ከሚፈጅባቸው ጊዜ በላይ ይፈጃሉ፣ ማገዶና ከሰልም አብሮ ያልቃል። ጥራጥሬ ከማዕድ የሚርቅበት፣ በምትኩም ቶሎ የሚደርስ የተጠበሰ ነገር የሚገባበት አንዱ ምክንያት ይኸው የጊዜና የማገዶ ወጪ ሳይሆን አይቀርም። ባቄላውን ከዋዜማው ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ የዘፈዘፉበትን ውኃ ደፍቶ በአዲስ ውኃ መጣድ፣ ሲቻልም ክዳኑ አጥብቆ በሚዘጋና እንፋሎት በሚያምቅ ድስት መቀቀል ሰዓቱን በእጅጉ ያሳጥረዋል። መዘፍዘፍ ፋይቴት የተባለውን፣ ብረትና ዚንክ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ የሚይዝ ንጥረ ነገርም ይቀንሳል፤ ባቄላውን አብቅሎ በቆልት ማድረግ ደግሞ ከዚህም የተሻለ ውጤት አለው። ቶሎ እንዲበስል ሶዳ መጨመር ግን ታያሚን የተባለውን ቫይታሚን ስለሚያጠፋ ቢቀር ይመረጣል።

ጨው የሚደበቅበት ስፍራ አለው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያነሰ ጨው ሲመክር፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የአንድ አዋቂ አማካይ ፍጆታ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። በብዙ ቤት በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው አብሮ ስለሚፈጭባቸው፣ ወጥ ሠሪዋ ምንም ሳትጨምር ድስቱ ጨው አለው፤ እርሷም ስትቀምስ እንደገና ትነሰንስበታለች። የዓመቱን በርበሬ ያለ ጨው አስፈጭቶ ጨውን በየድስቱ ለብቻ መለካት ይህን ድርብርብ ጨው ያስቀራል። ይሁንና ዝናብ አፈሩን በሚያጥብበት ደጋ ምግቡ በአዮዲን ስለሚደኸይ፣ አዮዲን ሲያንስም እንቅርትና የሕፃናት የአእምሮ እድገት ችግር ስለሚከተል፣ የሚቀነሰው ጨው ያው አዮዲን ያለው መሆን አለበት። ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል፤ ጓዳ ከደረሰ በኋላ ግን ክዳን ባለው ዕቃ ከእሳትና ከእርጥበት አርቆ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር የቤቱ ድርሻ ነው።

የጎመኑ ጉዳይ አጭር ነው፤ ታጥቦ ከተከተፈ በኋላ በጥቂት ውኃ ተከድኖ ለአጭር ጊዜ ቢበስል፣ ውኃውም ባይደፋ፣ ቫይታሚኑ አብሮ አይሄድም። ደጋው በፍራፍሬ ቢደኸይም በሐረና ጫካ በኩል ከደሎ መና የሚወጣው ሙዝና ማንጎ አለለት። ሻይ ውስጥ የሚገባው ስኳር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያለ ሥቃይ የሚቀነስ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየተቀነሰ ቢሄድ ምላስ ይለምዳል።

በጾም ወራት ቅቤው ሲቀር ድስቱ የቀለለ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዘይቱ ቦታውን ይወስዳል፣ የረመዳን ማፍጠሪያም ከተምሩና ከሾርባው ይልቅ በዘይት በተጠበሰ ሳምቡሳ ይከብዳል። ሁለቱም ወቅቶች የተሻለውን በውስጣቸው ይዘዋል። የሱፍና የተልባ ፍትፍት ቅባቱን ከነአሰሩ የሚያቀርብ የጾም ምግብ ነው፤ ከተልባ ቅባት ግማሽ በላይ የሚሆነውም ኦሜጋ 3 ከተባለው፣ ለልብ ከሚስማማው ወገን ሲሆን፣ ተፈጭቶ ሲቆይ ስለሚበላሽ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ቢወቀጥ ይመረጣል። በማፍጠሪያውም በተከካ ገብስ የተሠራ ሾርባ ቀድሞ ቢቀርብና ሳምቡሳው ለየሰው አንድ ቢሆን የሌሊቱ እንቅልፍ ይቀልላል።

ይህ ሁሉ የተባለው ጠግቦ ለሚያድር አዋቂ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሆዱ ትንሽ፣ የኃይል ፍላጎቱ ግን ትልቅ በመሆኑ ገንፎው ውስጥ የሚገባው ቅቤ ወይም ዘይት ሊቀነስበት አይገባም፤ እንዲያውም ተቆልቶ የተፈጨ ባቄላ ወይም አተር፣ እንቁላልና ወተት ሊታከልበት ይገባል። አራስ፣ ነፍሰ ጡርና ቀኑን በማሳ የሚውል ሰውም ልካቸው ከቢሮ ሠራተኛው ልክ ይለያል። በአንድ ድስት የሚበላ ቤተሰብ ይህን ማስታረቅ የሚችለው የጋራውን ድስት በጥቂት ቅባትና ጨው አብስሎ፣ የተነጠረውን ቅቤ በሳህን ለብቻው ሲያቀርብና ለሕፃኑ፣ ለአራሷና ከእርሻ ለተመለሰው በየሳህናቸው ላይ ሲጨምር ነው።