ሂተር ሲገዙ ዋቱን ይመልከቱ

የጋዝ መስመር በሌላት አዲስ አበባ ቤቱን ማሞቅ የፈለገ ሰው ምርጫው ከሰል ወይም ኤሌክትሪክ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላልና ይቅር። ብርዱ ሲመጣ ታዲያ ነጋዴው “መብራት ቆጣቢ” የሚል ካርቶን ይደረድራል፤ ሸማቹም ለስሙ ይከፍላል። ባለ ማራገቢያውም፣ ባለ ዘይቱም፣ ባለ ሽቦውም ሂተር ከ1 ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጠው ሙቀት ግን እኩል ነው። ባለ ዘይቱ ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ ጥቂት ይቆያል እንጂ ቆጣሪን አያታልልም።

ባለ 2000 ዋት ሂተር በቀን 4 ሰዓት ሙሉ ኃይሉን ከሠራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ ለ4 ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር የወጣ ነው፤ ብዙ የተጠቀመም በውድ እርከን ይከፍላል።

እውነተኛው ቆጣቢ የሚያሞቅ ኤር ኮንዲሽነር ነው። ሙቀቱን ከውጭ አየር ስለሚስብ ሲሶ ያህል መብራት ይበቃዋል። መግዣው ውድ በመሆኑ ግን ቀኑን ሙሉ ለሚሞቅ ቢሮ ወይም ፔንሲዮን እንጂ ለአንድ መኝታ ቤት አያዋጣም ባይ ነኝ። ለመኝታ ቤት ተርሞስታት ያለው ርካሹ ይበቃል፤ የተረፈው ብር የበርና የመስኮት ክፍተት ይድፈንበት። አስመጪዎችም “ቆጣቢ” ከሚሉን ዋቱን በጉልህ ቢጽፉልን ይሻላል።

ማከፋፈያ ላይ ግን አይሰካ። 2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባልና ቀጭኑ ገመድ አይችለውም።