ስለ አንግሊካን ወገኖች መለያየት

የአንግሊካን አንድነት የታወከው በ2003 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ከወንድ ጋር የሚኖር ካህን ኤጲስ ቆጶስ አድርጋ በሾመች ጊዜ ነው እያሉ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን የጥሉን ሥር ከዚያ አርቀን እንፈልገዋለን።

በ1867 ዓ.ም. የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቻርልስ ሎንግሊ 76 ኤጲስ ቆጶሳትን በላምቤት ሰበሰቡ። ለስብሰባው ምክንያት የሆኑት የናታሉ ኤጲስ ቆጶስ ኮሌንሶ ነበሩ፤ ስለ ኦሪት መጻሕፍት በጻፉት ነገር በኬፕ ታውን ከሹመታቸው ተሽረው ሳለ፣ የንግሥቲቱ ሸንጎ በለንደን ሽረቱን አፍርሶላቸው ነበርና። ጉባኤው ግን ሊመክር እንጂ ሊፈርድ አልተጠራም ተባለ። የዮርኩም ሊቀ ጳጳስ ቀሩ።

እኒሁ ኮሌንሶ በዙሉ አገር ሳሉ፣ ብዙ ሚስቶች ያሉት ሰው ሊጠመቅ ቢመጣ ሚስቶቹን ያባርር ዘንድ አይገደድ ብለው ተከራክረው ነበር። የ1888 ላምቤት እንዲህ ያለው ሰው አይጠመቅ አለ፤ የ1988 ላምቤት ደግሞ ሌላ ሚስት እንዳያገባ ቃል አስገብቶ ይጠመቅ አለ። በመካከሉ 100 ዓመት አለፈ። በዚህ ሁሉ ዘመን፣ ባሏ ክርስቲያን ይሆን ዘንድ ከቤቷ የወጣችውን ሴት ማን ቆጠራት? ዛሬ ለአፍሪካ ስለ ትዕግሥት የሚሰብኩ የምዕራብ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው። በ1998 አብዛኞቹ ጳጳሳት ስለ ጋብቻ የወሰኑትንም ምክር ብቻ ነው ብለው አልፈውታል፤ በ2023ም የእንግሊዝ ሲኖዶስ ለወንድና ወንድ፣ ለሴትና ሴት ጥንዶች ጸሎት እንዲደረግላቸው ድምፅ ሰጠ።

ይህን ሁሉ ብንል ግን ጋፍኮን የተባለው ማኅበር በጥቅምት 2025 ያወጣውን ቃል አንቀበለውም። እመቤት ሣራ ሙላሊ ለካንተርበሪ መንበር በተመረጡ በ13ኛው ቀን፣ ካንተርበሪ ከምትጠራው ጉባኤ አንገባም፤ እውነተኛው የአንግሊካን ማኅበር እኛው ነን አሉ። ከማዕዱ ተነሥቶ ማዕዱ ከእኔ ጋር ነው ማለት ምን ዓይነት ንግግር ነው? እኛም የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በአገር ውስጥና በስደት ሁለት ሆኖ እስከ 2018 ዕርቅ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ ሲቀመጥ አይተናልና፣ ዋጋውን እናውቀዋለን።

የሚያስፈልገው በላምቤት ላይ የመፍረድ ሥልጣን መጨመር ነው፤ ይህንም የሚጨምሩት በወንበራቸው የሚገኙ ጳጳሳት ናቸው። በ2022 ጉባኤ የናይጄሪያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ ጳጳሳት ቀሩ፤ ድምፃቸውም ሳይሰማ ጉባኤው ተፈጸመ።