የበረንዳው በር፦ ሌባን የሚያግደው ብረት ነዋሪውንም ሲያግት

በናይሮቢ ኪሊማኒ እና ኪሌሌሽዋ የሚባሉት ሰፈሮች ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የሚታወቁት ሰፊ ግቢ ባላቸው ቪላዎች ነበር። ዛሬ በብዙዎቹ ግቢዎች ላይ አፓርታማዎች ቆመዋል። በአዲስ አበባ ቦሌና ሲኤምሲ አካባቢ፣ በካምፓላና በኪጋሊ ኮረብታዎች ላይም የሚታየው ለውጥ ተመሳሳይ ነው። በእነዚህ ሕንፃዎች ምድር ወለል ላይ የሚገኙ ብዙ ቤቶች ከሳሎን በቀጥታ ወደ በረንዳ ወይም ወደ ትንሽ የአትክልት ቦታ የሚያስወጣ ሰፊ የመስታወት በር አላቸው። ሻጮች ብርሃንና አየር የሚያስገባ ምቾት አድርገው ያስተዋውቁታል። ለሌባ ግን ከመንገድ በማይታይ ማዕዘን የሚገኝ፣ መሰላል የማያስፈልገው መግቢያ ነው።

በቀጠናው ከተሞች የቤት ደኅንነት አስተሳሰብ የተቀረጸው በግቢ ዙሪያ ነው፦ የድንጋይ አጥር፣ አናቱ ላይ የተሰካ የጠርሙስ ስባሪ፣ የብረት በር፣ ውሻ እና ዘበኛ። የሳሎኑ በር ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ የሚውለው የውጭው በር ስለሚታመን ነበር። በአፓርታማ ኑሮ ግን አጥሩ የብዙ ቤተሰቦች የጋራ ንብረት ይሆናል። በዋናው በር እንግዳው፣ ምግብ የሚያደርሰው ሞተረኛ፣ የቧንቧ ጠጋኙና አዲሱ ተከራይ ይመላለሳሉ፤ አንድ ዘበኛ የሁሉንም ማንነት ሊያውቅ አይችልም። የቤተሰቡ የራሱ አጥር ያ መስታወት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ልማዱ ግን የግቢ ልማድ እንደሆነ ቆይቷል፤ የበረንዳው በር አሁንም እንደ መስኮት እንጂ እንደ ዋና በር አይታይም።

ተንሸራታች በር ደካማ የሚሆነው መስታወቱ ስለሚሰበር ብቻ አይደለም። መስታወት ሲሰበር ይጮኻል፤ ሌባ ደግሞ ጩኸት አይወድም። ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። በሩ በታችኛው ሐዲድ ላይ በትናንሽ ጎማዎች ይሽከረከራል፤ ሲገጠም ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ እንዲገባ ደግሞ በላይኛው ሐዲድ ውስጥ ክፍተት ይተውለታል። በዚያ መንገድ የገባ በር በዚያው መንገድ ሊወጣ ይችላል። ከእጀታው ጋር አብሮ የሚመጣው መቆለፊያም ብዙውን ጊዜ አንዲት ቀጭን መንጠቆ ናት። በሩ ከሥሩ በዲጂኖ ጫፍ ከፍ ሲደረግ መንጠቆዋ ከቦታዋ ትለቃለች።

ይህን ድክመት ለማረም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በላይኛው ሐዲድ ውስጥ ሁለት ሦስት ብሎኖችን ራሳቸው ትንሽ ወጣ ብሎ እንዲቀር አድርጎ ማሰር ክፍተቱን ያጠበዋል፤ በሩ እንደ ልብ ይንሸራተታል፣ ወደ ላይ ግን አይነሣም። በታችኛው ሐዲድ ውስጥ በልክ ተቆርጦ የሚጋደም ዱላ ወይም የብረት ዘንግ ደግሞ እጀታው ቢሰበር እንኳ በሩን ያቆመዋል። ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ግን አለ። ዱላው የሚሠራው የሚንቀሳቀሰው የበሩ ክፍል ከውስጥ በኩል ባለው ሐዲድ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ተንቀሳቃሹ ክፍል ከውጭ በኩል ከሆነ ዱላው የሚያግደው ነገር የለም፤ ያኔ ሁለቱን ክፈፎች አንድ ላይ ሰፍቶ የሚይዝ የብረት ፒን ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እርምጃ እንግዲህ ገበያ መውጣት ሳይሆን በሩን ከፍቶ የትኛው ክፍል በየትኛው ሐዲድ ላይ እንደሚሄድ ማየት ነው።

ካሜራና መብራት የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። እ.አ.አ በነሐሴ 2023 መላዋን ኬንያ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ይታወሳል፤ በኢትዮጵያም የኃይል መቆራረጥ አዲስ ነገር አይደለም። ካሜራው የራሱ ባትሪ ከሌለው በጨለማ ሌሊት ጌጥ ነው። እንቅስቃሴ ሲሰማ የሚበራ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ለዚህ ቀጠና የተሻለ ይስማማል። በናይሮቢ የተለመደው እሾሃማ የቁጥቋጦ አጥርም ጥሩ ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን ከሰው ቁመት በላይ ካደገ በሩን ለመፈንቀል ጊዜ የሚፈልገውን ሰው ራሱ ይሸሽገዋል።

ፍርግርጉ እና እሳቱ

ከሁሉም በላይ የተለመደው መፍትሔ ግን ብረት ነው። በአዲስ አበባ የምድር ወለል ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቁልፍ ሲረከብ አስቀድሞ ከሚጠራቸው ባለሙያዎች አንዱ ብረት በያጅ ነው። በናይሮቢና በካምፓላም ከመስታወቱ በስተውስጥ ተዘርግቶ በጓንጉል ቁልፍ የሚዘጋ ተጣጣፊ የብረት በር የብዙ ቤቶች መለያ ነው። ብረቱ ሌባን ማገዱ አያጠራጥርም። ጥያቄው ሌላ ማንን ያግዳል የሚለው ነው።

እ.አ.አ በመጋቢት 2001 በኬንያ ማቻኮስ አካባቢ በሚገኘው የክያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መኝታ ቤት በእሳት ሲያያዝ 67 ወንዶች ልጆች ሞቱ። አንደኛው በር ተቆልፎ ነበር፤ መስኮቶቹም በብረት የታጠሩ ነበሩ። የኬንያ መንግሥት እ.አ.አ በ2008 ባወጣው የትምህርት ቤቶች ደኅንነት መመሪያ የመኝታ ቤት መስኮቶች ፍርግርግ እንዳይኖራቸውና በቀላሉ ወደ ውጭ እንዲከፈቱ አዘዘ። እ.አ.አ በነሐሴ 2023 መጨረሻ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ ኡሲንዲሶ በተባለ ሕንፃ በተነሣ ቃጠሎ ቢያንስ 76 ሰዎች ሲሞቱ፣ የተቆለፉ የብረት በሮች መውጫ እንደነፈጓቸው ተዘግቧል።

የኬንያው መመሪያ የሚመለከተው ትምህርት ቤቶችን ነው። አንድ ቤተሰብ በራሱ ሳሎን ላይ የሚበይደውን ብረት የሚመረምር የለም ማለት ይቻላል። የጋዝ ሲሊንደርና የከሰል ምድጃ ያለበት ማድ ቤት ከመግቢያው በር አጠገብ በሚገኝባቸው ጠባብ ቤቶች፣ እሳት ሲነሣ የሚቀረው መውጫ የበረንዳው በር ነው። በዚያች ሰዓት ጓንጉል ቁልፉ የት እንዳለ የምታውቀው እናት ገበያ ሄዳ ከሆነ፣ ብረቱ ከሌባ ይልቅ ልጆችን ይይዛል። አደጋው ስርቆት ሲደርስ ከሚጠፋው ቴሌቪዥን ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስለዚህ ፍርግርግ የግድ ከሆነ ቢያንስ አንዱ ከውስጥ ያለ ቁልፍ፣ ሕፃን እንኳ በሚችለው መቀርቀሪያ የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል። መቀርቀሪያው ከውጭ በተሰበረ መስታወት በኩል እጅ ወይም ሽቦ እንዳይደርስበት በላሜራ ሊሸፈን ይችላል። ይህን መሥራት ለበያጁ ከባድ አይደለም፤ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው እንጂ። ቁልፍ ካለ ደግሞ ቋሚ ቦታ ይኑረው፦ ከመስታወቱ ከክንድ ርዝመት በላይ የራቀ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በጨለማ ዳስሶ የሚያገኘው።

ዘበኛ፣ ጎረቤት፣ አከራይ

በኬንያ ጥበቃው «አስካሪ» ይባላል፤ በጣሊያን ወረራ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ያልሆነ ቃል ነው። የአገሪቱ የግል ጥበቃ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.አ.አ በ2024 መጀመሪያ የጥበቃ ሠራተኞች ዝቅተኛ ወርኃዊ ደመወዝ 30 ሺህ ሽልንግ እንዲሆን ቢያዝም ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አምርቷል። ክርክሩ የአፓርታማ ነዋሪዎችንም ይመለከታል፤ ወርኃዊው የጋራ መዋጮ ሲነሣ የመጀመሪያው ቅሬታ የጥበቃ ወጪ ነውና። ሌሊቱን በሙሉ በዋናው በር ላይ የተቀመጠና በአነስተኛ ደመወዝ የሚኖር ሰው በሕንፃው ጀርባ ያሉትን በረንዳዎች ዞሮ እንዲያይ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ጎረቤት ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። ታንዛኒያ በጁሊየስ ኔሬሬ ዘመን የዘረጋችውን የአሥር ቤቶች አደረጃጀት፣ ኬንያ እ.አ.አ በ2013 ከዌስትጌት ጥቃት በኋላ «ኒዩምባ ኩሚ» በሚል ስም ወስዳዋለች። በሩዋንዳ «ኢሮንዶ» የሚባለው የሰፈር የሌሊት ጥበቃ አለ። እንዲህ ያሉ አደረጃጀቶች መንግሥት ነዋሪውን የሚከታተልባቸው ዓይኖች ናቸው የሚል ትችት አያጣቸውም፤ ትችቱም መሠረት አለው። ይሁንና የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ነዋሪ በበረንዳው ላይ የቆመው ሰው ጠጋኝ ይሁን ሌባ መለየት አይችልም።

የተከራዩ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በር መብሳት የእርሱ መብት አይደለም፤ በሩ ደግሞ የሚጠብቀው የእርሱን ቤተሰብ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዳላስ የሚሠራው የቴክሳስ ግዛት ሕግ፣ አከራይ በእያንዳንዱ ተንሸራታች የመስታወት በር ላይ የፒን መቆለፊያ፣ በተጨማሪም የእጀታ መቆለፊያ ወይም የደኅንነት ዘንግ ተከራዩ ሳይጠይቅ በራሱ ወጪ እንዲገጥም ያስገድዳል። በኢትዮጵያ የጋራ ሕንፃ ቤቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን አስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል፤ ተከራዩ በዚያ ማኅበር ውስጥ ባለቤት አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ለሁለት ዓመት የሚቀመጥ ተከራይ ብሎኖቹን ማን እንደሚያስር፣ ፍርግርጉስ ከውስጥ እንዴት እንደሚከፈት ከመፈረሙ በፊት በውሉ ላይ ማስፈር ይችላል።