«አቋራጭ ነው» ለሚሉ

አንድ ሰው በቀዶ ሕክምና 40 ኪሎ ቀነሰ ሲባል ወዲያው የሚከተለው አሽሙር ነው፦ «እሱ መች ቀነሰ፣ ሐኪም ቀነሰለት እንጂ!» ምግብ መጥኖ የቀነሰው ጀግና ይባላል፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ደግሞ ሰነፍ። ፍርዱ መሠረት የለውም።

ሲጀመር ቀላል አይደለም። «ስሊቭ» በሚባለው ዓይነት ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል፤ አይመለስም። ከዚያ ለሳምንታት ፈሳሽና የላመ ምግብ ብቻ ነው። ቫይታሚንና ማዕድን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፣ ደም በየጊዜው ይመረመራል። አመጋገቡን ችላ ያለ ሰው ኪሎው ሊመለስበት ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ከጥንቃቄ አያስመልጥም፤ ዕድሜ ልክ ያስፈርማል እንጂ።

«ቆራጥ ከሆነ ማንም ይቀንሳል» የሚለውስ? አሜሪካ ውስጥ «ዘ ቢገስት ሉዘር» በተባለው የቴሌቪዥን ውድድር ብዙ ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ተመረመሩ። በ2016 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው 13ቱ ክብደት መልሰው ጨምረዋል። ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ የሚያቃጥለው ኃይልም ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር። በሚሊዮኖች ፊት ላባቸውን ያፈሰሱትን ሰዎች ሰነፍ የሚል ማነው? ሰውነት ራሱ የቀነሰውን ለማስመለስ ይታገላል።

ቀዶ ሕክምናው የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው የጨጓራ ክፍል ስለሚወጣ ረሃቡ ይቀንሳል። ስዊድን ውስጥ በ1987 የተጀመረና 4 ሺህ ያህል ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ2007 ባወጣው ውጤት፣ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት መካከል የሞቱት ካላደረጉት ያነሱ ነበሩ። አዎ፣ የቀነሱትን ኪሎ ጠብቆ ማቆየት በዚህ መንገድ ይቀላል። ታዲያ መቅለሉ ኃጢአት ነው? የደም ግፊት ታማሚ ኪኒን ሲውጥ «አጭበረበረ» ይባላል?

ወቀሳ የሚገባቸው ሌሎች አሉ፦ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴልና ቀዶ ሕክምናን በአንድ ጥቅል እያስተዋወቁ «በሳምንት ወደ ቤትዎ» የሚሉት ነጋዴዎች። ደንበኛው ከተመለሰ በኋላ ማን ይከታተለዋል? ዐቢይ ጾም ገብቶ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ሲቀር በትንሿ ጨጓራው ፕሮቲንና ቢ12 ከየት እንደሚያገኝ ማን ይነግረዋል? በየቡናው ታማሚውን ከማማት ይልቅ ይህን መጠየቅ ይሻላል። ሕመምተኛ የሚጎዳው ቀላል መንገድ ስለመረጠ ሳይሆን «ቀላል ነው» ብለው ሸጠውለት ዞር ሲሉ ነው።