የጠፋው «አልፈልግም»
የድረ ገጽ ቅጽ አንድ የቆየ ዐመል አለው፤ ምልክት ያልተደረገበትን ሳጥን ጭራሽ እንዳልነበረ ይቆጥረዋል። በ1995 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው የኤችቲኤምኤል 2.0 መስፈርት ጀምሮ ብራውዘሩ ከሳጥኖቹ ወደ ሰርቨር የሚልከው ምልክት ያለባቸውን ብቻ ነው። አዲስ የሚመዘገብን ሰው ይህ ብዙም አይጎዳውም፤ ጣጣው የሚመጣው የቀድሞ ምርጫውን ሊያስተካክል ሲመለስ ነው። ደንበኛው «ማስታወቂያ በስልኬ ይላክልኝ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንስቶ «አስቀምጥ»ን ይጫናል። ፕሮግራሙ የደረሰውን ብቻ እንዲያድስ ተጽፎ ከሆነ፣ ምንም ስላልደረሰው የድሮውን «እሺ» እንዳለ ይተወዋል። ሰውዬው እምቢ ብሏል፤ መዝገቡ አልሰማም። ጥፋቱን በብራውዘሩ ላይ የሚያላክኩ ባለሙያዎች አያሳምኑኝም፤ ደንቡ ያረጀና የታወቀ ነው። ያልመጣውን ሁሉ «አይ» ብሎ መመዝገብም (የሰነፍ መላ ነው) አያዋጣም፤ ሳጥኑ በዚያ ገጽ ላይ ካልቀረበ፣ ሰው ያልተጠየቀውን እንደ መለሰ ይሆናል። የሚበጀው ከሳጥኑ አስቀድሞ በዚያው ስም ዜሮ የያዘ የተደበቀ መስክ ማኖር ነው፤ የድረ ገጽ ፕሮግራም መሥሪያዎቹ ፒኤችፒም ሆነ ሬይልስ ኋላ የመጣውን ስለሚወስዱ፣ ምልክት ካለ ዜሮው ይሻራል። ሬይልስ እንዲያውም መስኩን ራሱ ይጨምረዋል። ነገሩ የቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2019 (እ.ኤ.አ.) ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ ሊባል አይችልም ብሎ ወስኗል። ሰው ያነሳውን ምልክት መልሶ የሚተክል ፕሮግራምስ ከዚያ በምን ይሻላል? ቅጽ የምትሠሩ ሁሉ፣ ከማስረከባችሁ በፊት አንዱን ሳጥን ባዶ አድርጋችሁ አስቀምጡና መዝገቡን ከፍታችሁ እዩ።