ወረታ ተቀምጦ 5 ተጋጣሚ ከየት ይምጣ?

ወረታ አንድ ወዳጅ አለን። ቀን ሩዝ መፈልፈያ ቤት ጆንያ ይሸከማል፤ ማታ መብራት ካለ በስልኩ ቼዝ ይጫወታል። ከመሀላችን «እችላለሁ» ባዩ ሁሉ ገጠመው፤ አንድም የተረፈ የለም። እናቱ ቡና እያፈሉ «ለመሆኑ ሥራህን ሲጠይቁህ ምን ትላለህ?» አሉት። «ቼዝ ተጫዋች» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኛም ሳቅን፤ ኋላ ግን አፈርን።

እስቲ ምኑ ያስቃል? ሯጭ ሥራ ነው፣ ኳስ ተጫዋች ሥራ ነው። ጨዋታው ለአገሩ እንግዳ ነው እንዳትሉን ደግሞ፣ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳድ እንደነበሩ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጽፎታል። የኛ ሰንጠረዥ የራሱ አመል ነበረው። መክፈቻው «ወረራ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም እጃቸው እንደፈጠነላቸው ያንቀሳቅሳሉ።

የዛሬው ቼዝ ግን ተራም ወረፋም አለው። ግራንድማስተር ለመባል ሬቲንግ የሚሉት ነጥብ 2500 መድረስ አለበት፤ በዚያ ላይ በከባድ ውድድሮች፣ ቢያንስ በ27 ጨዋታ፣ ብቃትን ማስመስከር ይጠይቃል። ዛምቢያዊው አሞን ሲሙቶዌ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣ። ማዕረጉ የጸደቀለት በ2009 ነው፤ ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ። እንዲህ ላለው ልጅ እንኳን ዘጠኝ ዓመት ፈጀ! ኢትዮጵያ እስካሁን አንድም ግራንድማስተር የላትም።

ወዳጃችን ገና 2500 አላማረውም። የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነጥብ ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ በተመዘገበ ውድድር፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ነጥብ ካላቸው ሰዎች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ መጫወት አለበት። የስልኩ ድል አይቆጠርም። አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን እንኳን የአውቶቡሱ፣ የአልጋው፣ የምግቡ፣ የሚቀርበት የቀን ሥራ ሲደመር ስንት ጆንያ እንደሚሆን እሱ ያውቀዋል። ከዚያ እኛ ተቀምጠን «ተሰጥኦ የለም» እንላለን።

የምንለው ቀላል ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ የተመዘገበ ውድድር ይኑር። ጥቂት ጠረጴዛ፣ ሰዓት፣ ፈቃድ ያለው ዳኛ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጥብ ያላቸው ተጫዋቾች። ስታዲየም አልጠየቅንም።

«ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ ቼዝ?» የሚል አይጠፋም። ልብ በሉ፣ ሩዝም ለፎገራ እንግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲመጣ ለብዙ ሰው ባዳ እህል ነበር፤ ዛሬ ርብና ጉማራ በሚያጥለቀልቁት ሜዳ ላይ የገበሬው መተዳደሪያ ሆኗል። ሜዳውም ውሃውም ድሮም ነበሩ። የጎደለው ዘሩ ብቻ ነበር፤ እሱንም አንድ ሰው ማምጣት ነበረበት።