ግብረ ገብን እያስተማርን ኩረጃን ስናሳልፍ

ግብረ ገብ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ግብረ ገብን ራሱን በቻለ መጽሐፍ ይማራሉ፤ ከ7ኛ ክፍል ወዲያ የዜግነት ትምህርት ይቀጥላል። እዚህ አቃቂ ቃሊቲም ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርማቸውን ለብሰው በከባድ መኪኖች መሀል አስፋልቱን የሚሻገሩት ልጆች መጽሐፉን በቦርሳቸው ይዘውታል። ለዓመታት ስንጮህለት የኖርነው ነገር ነውና ደስ ብሎኛል። ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ስለ ሐቀኝነት በምናስተምርበት በዚያው ክፍል ውስጥ፣ ፈተና በመጣ ቁጥር ሐቀኝነትን የምናፈርሰው እኛው ትልልቆቹ ነን።

በምኖርበት ኮንዶሚኒየም የ5ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ጎረቤት አለችኝ። ያለፈው ዓመት የማጠቃለያ ፈተና በደረሰበት ሰሞን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታጠና አገኘኋት። ምን እያጠናች እንደሆነ ስጠይቃት «ግብረ ገብ ነው ጋሼ» አለችና ስለ ሐቀኝነት የተጻፈውን አንድ ቃል ሳትስት በቃሏ ደገመችልኝ። ከፈተናው በኋላ ስንገናኝ እንዴት ነበር አልኳት። «ቀላል ነበር ጋሼ። ቲቸር ጎበዞቹን ከሰነፎቹ ጋር ቀላቅላ አስቀመጠችንና ተረዳዱ አለችን።» የነገረችኝ ፊቷ ላይ አንዳች የፍርሃት ምልክት ሳይታይ ነው። ጥፋት መሆኑን የነገራት ሰው የለማ! እንዲያውም ጎበዝ ከተባሉት አንዷ በመሆኗ፣ ጓደኞቿን በማሳየቷ ኮርታ ነበር።

ጉዳዩ የአንዲት መምህርት ብቻ ቢሆን ኖሮ በጋዜጣ ባላነሣሁት። ኩረጃ ዱሮም ነበር። አጤሬራ በካልሲው ውስጥ የሚደብቅ፣ ዴስኩ ላይ በእርሳስ የሚጽፍ ተማሪ በየዘመኑ አለ። ነገር ግን የዱሮው ተማሪ የሚኮርጀው ከመምህሩ ተደብቆ ነው፤ መደበቁ ጥፋቱን እንደሚያውቅ ይመሰክርበት ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ ፈታኙ ያውቃል፣ ርዕሰ መምህሩ ያውቃል፣ ወላጅም ያውቃል። የማታሳይ ልጅ ስግብግብ ትባላለች። በኢሕአዴግ ዘመን ጎበዙ ተማሪ ደካማውን እንዲያግዝ የተዘረጋው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በፈተና ክፍል ውስጥ ግን መረዳዳት የሚለው ስም ለመኮራረጅ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ልጆቹ ክፉ ነገር የሚያደርጉት በመልካም ነገር ስም ሆኗል።

እዚህ የደረስነው መጽሐፍ አጥተን አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን ያሳተሙት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግብረ ገብ መደበኛ ትምህርት ነበር፤ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ም ለብዙ ተማሪ የሥነ ምግባር መምህር ሆኖ አገልግሏል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግብረ ገብ ወጥቶ የፖለቲካ ትምህርት ገባ። የ1986ቱን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ ደግሞ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ፤ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ እያለ የሚዘረዝራቸው እሴቶች 11 ነበሩ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መጽሐፉም ተለውጧል።

የእኔ ታላላቆች የንጉሡን ዘመን ግብረ ገብ በናፍቆት ያነሡታል። ናፍቆታቸውን አከብራለሁ፤ ሰላምታ ማቅረብን፣ ለታላቅ መነሣትን፣ የሰው ገንዘብ አለመንካትን ከዚያ እንዳገኙት ይናገራሉ። ሆኖም በ1969 እና በ1970 ጎራ ለይቶ የተጨራረሰው የከተማ ወጣት ያንኑ ግብረ ገብ በልጅነቱ የተማረ ትውልድ ነው። ይህን የማነሣው ትምህርቱን ለመውቀስ አይደለም። ከአንድ መጽሐፍ የሚጠበቀውንና የማይጠበቀውን ለይተን እንድናውቅ ነው።

የሥነ ዜጋው ትውልድ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በግንቦት 2008 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ ፈተናው ተሰርዞ ሌላ ማዘጋጀት ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት ከሚፈተኑት ትምህርቶች አንዱ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ነበር። ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከየቤታቸው ወጥተው፣ በአውቶቡስ ተጭነው፣ በር ላይ ተፈትሸው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ ሲገለጽ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ አለፉ።

እነዚህን ቁጥሮች ሙሉ በሙሉ በኩረጃ ማመካኘት ስህተት ነው። ኮሮና ትምህርት ቤት ዘግቶ ነበር፣ ጦርነት ነበር፣ መጽሐፍና መምህር ያልተሟላላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። የሚያመኝ ሌላ ነው። ለ12 ዓመት በእጃችን የነበሩ ልጆችን፣ በገዛ ትምህርት ቤታቸው፣ በገዛ መምህራቸው ፊት አስቀምጠን መፈተን አቃተን። ልጆቹን አላመንናቸውም፤ መምህሮቻቸውንም አላመንናቸውም። ትምህርት ሚኒስቴር ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲ መውሰዱን እደግፋለሁ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ መንገድ አልነበረም። ነገር ግን በ12ኛ ክፍል የሚደረግ ጥበቃ በ5ኛ ክፍል የተሰጠውን ትምህርት አይሽርም።

ይህን ቀድመው ያጠኑ ሰዎች አሉ። ሂዩ ሃርትሾርንና ማርክ ሜይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ10 ሺህ በላይ ልጆችን በፈተና፣ በጨዋታና በቤት ሥራ ላይ የማታለል ዕድል እየሰጡ ተከታተሏቸው። ውጤቱን በአውሮፓውያኑ 1928 ማሳተም ሲጀምሩ ብዙ የሃይማኖትና የትምህርት ሰዎች ደነገጡ። ትክክልና ስህተትን በቃሉ የሚያውቅ ልጅ፣ ከማያውቀው ይልቅ እምብዛም ሐቀኛ ሆኖ አልተገኘም። ያው አንድ ልጅ በአንዱ ቦታ ሐቀኛ፣ በሌላው ቦታ አታላይ ይሆናል። በአንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች ግን እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ሐቀኝነት የሚከበርበት ክፍል ነበር፣ የማይከበርበትም ክፍል ነበር። በእኔ አስተያየት ለእኛ የሚጠቅመው ይህ የመጨረሻው ነው። ሐቀኝነት ከመጽሐፉ ይልቅ በክፍሉ ልማድ ውስጥ ያድራል።

ይህ ለአቃቂ ቃሊቲ ከሌላው ሰፈር ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። አቃቂ የባቡርና የፋብሪካ ሰፈር ነበረች። በጨርቃ ጨርቁና በብረታ ብረቱ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ አባት ማታ ባይኖር፣ ልጁን የሚገሥጽ ጎረቤት ነበር። «የማን ልጅ ነህ?» የምትለው ጥያቄ ብቻ ስንቱን መልሳለች! አሁን ክፍለ ከተማው ሌላ ሆኗል። ቱሉ ዲምቱና ገላን ኮንዶሚኒየም የገባነው ከየአቅጣጫው መጥተን ነው። ከካዛንቺስ በልማት የተነሡ ቤተሰቦች ገላን ጉራ ሠፍረዋል። እነዚያ ልጆች ጥለው የመጡት ቤት ብቻ አይደለም፤ በስማቸው የሚጠሯቸውን እትዬዎችና ጋሼዎች፣ የእናታቸውን ዕድር፣ የሰፈሩን ባለሱቅ ጭምር ነው። በብሎካችን ውስጥ የላይኛውና የታችኛው ፎቅ ሰዎች ስም አንተዋወቅም። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ በየቀኑ በስሙ የሚጠራው፣ ሲያጠፋ «አንተ ልጅ!» የሚለው ትልቅ ሰው ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የየራሳቸውን ያስተምራሉ፤ ሕገ መንግሥቱ ትምህርትን ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ስላደረገው ሁሉም ልጆች አብረው የሚቀረጹበት ቦታ ክፍላቸው ነው።

ክፍሉ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ይመግባል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በየቀኑ ሰልፍ ይዘው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ አብረው ይበላሉ። እኔ ከምገባ ሰዓት የተሻለ የግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ አይታየኝም። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስቀድማሉ ወይስ እየገፉ ያልፋሉ? ምግብ ይደፋል ወይስ በልክ ይወሰዳል? ለመጋቢ እናቶች ምስጋና ይቀርባል ወይስ እንደ ዕቃ ይታያሉ? መምህራን ልጆቹን ገበታው ድረስ ይከተሏቸዋል? በብዙ ቦታ ይህ ሰዓት የሚታየው የበላና ያልበላ በሚል ቁጥር ብቻ ነው። ልጆች ተራ በተራ የሚያስተናግዱበት፣ ሳህን የሚሰበስቡበት፣ የበሉበትን የሚያጸዱበት ቢሆን ስለ ኃላፊነት የተጻፈው ምዕራፍ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ በተግባር ያልቃል።

ጃፓኖች ይህን ያደርጋሉ። ልጆቻቸው ምግብ ያቀርባሉ፣ ክፍላቸውን ይጠርጋሉ። በአውሮፓውያኑ 2018 ግብረ ገብን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻቸው ራሱን የቻለ ትምህርት ሲያደርጉትም በቁጥር ላለመመዘን ወሰኑ፤ መምህሩ ስለ ልጁ ለውጥ በጽሑፍ ይገልጻል እንጂ ማርክ አይሰጥም። እኛም ይህን ብናደርግ እላለሁ። በግብረ ገብ 94 ያመጣ ልጅ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ካርዱ አይነግረኝም። «የጠፋ ደብተር አግኝቶ ለባለቤቱ መለሰ፤ በቡድን ሥራ ላይ ግን ሌሎችን ያቋርጣል» የሚል ሁለት መስመር ቢጻፍልኝ እንደ ወላጅ የምሠራውን አውቃለሁ። ግብረ ገብን እንደ ሒሳብ በማርክ ስንመዝነው እሱም የሚኮረጅ ትምህርት ይሆናል። የጎረቤቴ ልጅ የሐቀኝነትን ምዕራፍ ለጓደኞቿ ያስኮረጀችው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥፋቱን በመምህራን ላይ ብቻ መጫንም ፍትሐዊ አይሆንም። መምህርቷ «ተረዳዱ» ያለችው ክፉ ሰው ሆና አይመስለኝም። ብዙ ልጅ ከወደቀባት ተጠያቂዋ እሷ ናት። ርዕሰ መምህሩ በሚያሳልፈው ተማሪ ብዛት ይገመገማል። የግል ትምህርት ቤቱ በር ላይ መቶ በመቶ እንዳሳለፈ የሚያበሥር ባነር ይሰቀላል፤ እኛ ወላጆችም ባነሩን አይተን ልጃችንን እናስመዘግባለን፣ እንዴት አሳለፋችሁ ብለን ግን አንጠይቅም። ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃ መምህር ከዚህ ሁሉ ጋር ብቻውን ተጋፍጦ ለእውነት እንዲቆም እንጠብቃለን። ትምህርት ቢሮ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝንበትን መንገድ ካልለወጠ በቀር የሚታተመው መጽሐፍ ቢያምር ቢያምር ለውጥ አያመጣም። በታማኝነት ፈትኖ 60 በመቶ ያሳለፈ ትምህርት ቤት፣ አስኮርጆ መቶ በመቶ ካሳለፈው በላይ መመስገን አለበት።

ስለ ዱላም አንድ ነገር ልበል። ግብረ ገብ ሲነሣ «አርጩሜው ይመለስ» የሚሉ ወላጆች አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ እኔም ይህን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የተገረፈ ልጅ የሚማረው ሳይያዙ ማጥፋትን ነው። የሚኮርጅ ልጅ ሲገኝ ወረቀቱ ይወሰድ፣ ወላጁ ይጠራ፣ ፈተናውን ብቻውን ደግሞ ይፈተን። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ላይም ስለ መዋጮ ብቻ ሳይሆን ስለዚህ እንነጋገር።

የአቃቂ ቃሊቲ ወላጆች ሆይ፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ፈታኞቹን እናናግራቸው» የሚል ሐሳብ ቢመጣ፣ እምቢ በሉ፤ እምቢታችሁንም እዚያው ግሩፑ ላይ ሁሉም እንዲያየው ጻፉት። ልጃችሁ ሳይኮርጅ 48 ይዞ ከመጣ አትቆጡት፤ አብራችሁት ተቀምጣችሁ የሳተውን አስጠኑት። መምህራን ሆይ፣ በክፍላችሁ መኮራረጅን መረዳዳት ብላችሁ አትጥሩት። ጎበዙ ተማሪ ደካማውን የሚረዳበት ዓመቱን ሙሉ ጊዜ አለ፤ የፈተናዋን አንድ ሰዓት ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ይሥራ።